ኮት ተቀባይዋና አበጋሩ

ጄኔቫ፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሼህ ሰይድ ዘይኑልአቢዲን፣
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ ተሻለዎት? እናቴ ኡሙሰልማስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ብሩ ሹፌሩስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉም አፊያ ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱ ነው እንጂ ሌላ የሚያስከፋኝ የለም።

ሥራ ቀይሬያለሁ። ከሆቴሉ ወጥቼ አሁን የምሠራው አንድ ትልቅ የፍርድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዳኛ ሆነች ብለው ለጎረቤት እንዳያወሩብኝ፤ ሥራዬ ኮት መቀበል ነው። እዚህ አገር ሰው ሲገባ ካፖርቱን በር ላይ አውልቆ ይሰጥና ቁጥር ይቀበላል፤ ሲወጣ ቁጥሩን መልሶ ልብሱን ይወስዳል። ከጧት እስከ ማታ የሰው ካፖርት ስሰቅል እውላለሁ። የሀብታሙ ከባድ ነው፣ የድሃው ቀላል፤ እሱ እንኳ የትም ያው ነው።

ችሎቱ የተሰየመው በአንድ ሰው ላይ ነው። የአንዲት ትንሽ የባሕር አገር መሪ የነበረ ጄኔራል ነው። በገዛ አገሩ ሰሜን ጦር አዝምቶ መንደሮችን ከነሰዎቻቸው አስጨርሷል ይሉታል። ከሥልጣን ሲወርድ ወደ አውሮፓ ሸሸና እዚሁ ያዙት። የሚዳኙት ከዘጠኝ አገር የመጡ ዘጠኝ ዳኞች ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ሴት ናት፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ።

በመጀመሪያው ቀን በሩ ክፍት ስለነበር ከቆምኩበት ሆኜ አየሁ። «ተነሱ» ሲባል አዳራሹ በሙሉ ተነሳ፤ እሱ ግን ተቀምጦ ቀረ። ሴቲቱ አልተቆጣችም። መነጽሯን አውልቃ ዝም ብላ ጠበቀችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቻለሁ፣ አራት ደቂቃ ሙሉ ማንም አልሳለም፣ ማንም አልተቀመጠም። ከዚያ ጄኔራሉ ተነሳ። አጎቴ፣ ወላሂ፣ ስሙ ሲጠራ አገር ይንቀጠቀጥለት የነበረ ሰው፣ አንዲት ሴት ስለጠበቀችው ብቻ ተነስቶ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር በዱንያ ላይ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያገሩ ሰዎችም መጥተዋል። ግማሾቹ «አባታችንን ልቀቁልን» እያሉ ያለቅሳሉ፣ ግማሾቹ የሞቱባቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። ሁለቱም ወገን ካፖርቱን የሚሰጠው ለእኔ ስለሆነ ጎን ለጎን እሰቅለዋለሁ።

እናቴ የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ዱዓዎ አይለየኝ።

መዲና


ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለመዲና፣

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፣ ብርዱን ያስታግስልሽ፣ ሪዝቅሽን ያስፋልሽ። ይህን ደብዳቤ በመንገድ ላይ እየከፈቱ ለሚያነቡ ወንድሞችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፣ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው።

ወገቤን ጠይቀሻል፤ ወገቤ ደህና ነው፣ ያስቸገረኝ ከወገቤ በላይና በታች ያለው ነው።

እንደምታውቂው የባሕር ማዶ ደብዳቤ እኛ ዘንድ ለብቻ አይነበብም። ብሩ ከፖስታ ቤት ይዞት ሲመጣ ጓደኞቹንም አስከትሎ ገባ፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ጄኔራሉ ተቀምጦ የቀረበት ላይ ስደርስ ሁሉም ጠጋ ጠጋ አለ። ተነስቶ ቆመ የሚለውን ሳነብ «ሱብሐነላህ!» ያላለ የለም። ክርስቲያኖቹ ደግሞ አማተቡ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ነገሩን እኛም ከሬዲዮ ሰምተናል። ሰውዬው የኢምፔሪያሊዝም ቡችላ ነበር ስለተባለ በየቀበሌው ለችሎቱ የድጋፍ ስብሰባ ተጠርቷል። እኔ ለመድኃኒት ደሴ ወጥቼ ሰኞ ገበያ ላይ ደረሰብኝና ከሰው ጋር ተነድቼ አዳራሽ ገባሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወረቀት አውጥቶ «ሕዝብን ያስጨረሰ ሁሉ የትም ቢደበቅ ከፍርድ አያመልጥም!» ብሎ አነበበ። ያኔ አንዲት ዘይቱና የምትባል በርበሬ ነጋዴ ማጨብጨብ ጀመረች። እኛም አጨበጨብን። ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ። እኛ አላቆምንም። «በቃ ጓዶች» አለ። እኛ አላቆምንም። መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ፤ አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ እንባቸው እየወረደ ያጨበጭቡ ነበር። ሊቀ መንበሩ ፈገግታው ጠፍቶ ጥበቃዎቹን አየ፣ ጥበቃዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ስብሰባው ለድጋፍ ነውና ማን ምን ይላል? የአብዮታዊ ደስታችን ብዛት እንዲህ ነበር።

አሁን ደግሞ በሙያዬ ልጠይቅሽ። አርባ ዓመት በአበጋርነት ገዳይንና የሟችን ቤተሰብ ሳስታርቅ፣ ደም ሳደርቅ ኖሬያለሁ። የእናንተ ዳኞች የሟችን እናት የት ያስቀምጧታል? ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቋት? ይህን ጻፊልኝ።

እናትሽ እንዲህ ብላለች፣ ቃሏን እንዳለ ነው የምጽፈው፦ «ለእኔ ምንም አልፈልግም። ለወንድሟ ለሀምዱ አንድ ካፖርት ትላክለት። እንደተወችው እንዳይመስላት፣ አሁን ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ትከሻው ሰፍቷል፣ ሰፋ ያለ ይሁን።»

አጎትሽ ሰይድ


ጄኔቫ፣ የካቲት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎንና የቤተሰቡን ሁሉ ጤና አላህ ይጠብቅልን። ደብዳቤዎን እየሳቅሁ ጀምሬ መጨረሻው ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋብኝ። ካፖርቱን ገዝቻለሁ። ቡና ዓይነት፣ ትከሻው ሰፊ። እስካሁን ግን አልላክሁትም። ለምን እንዳልላክሁት ያውቃሉ።

የሟች እናት የት ትቀመጣለች ብለው ጠይቀውኛል። ባለፈው ሳምንት አንዷ መጣች። ዕድሜዋ ሰባ ይሆናል፣ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ናት። በዚህ ብርድ ካፖርት አልለበሰችም። ባዶ እጇን መመለሱ አሳፈረኝና ቁጥር ሰጠኋት። አመስግና ተቀበለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያችን ቁጥር ጨብጣ ነው የመሰከረችው።

ያስቀመጧት ከጄኔራሉ ፊት ለፊት ነው። ሰብሳቢዋ ዳኛ «ከተከሳሹ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ሁላችንም ሞቱን የምትጠይቅ መስሎን ነበር። እሷ ግን «ሦስቱን ልጆቼን የት እንዳደረጋቸው ይንገረኝና ልሂድ» አለች። ጄኔራሉ «አላውቅም» አለ። ደግማ ጠየቀችው። «ሴትዮ፣ እኔ የአገር መሪ ነበርኩ፣ ይህን ሁሉ አላውቅም» አለ።

ይኼኔ ለጄኔራሉ ሊመሰክር ከአገሩ የመጣ አንድ ተራ ወታደር ሳይጠራ ተነሳ። ጠበቆቹ ሊያስቀምጡት እጁን ይጎትቱታል። «እኔ አውቃለሁ» አለ። «ጨው ከሚደርቅበት ሜዳ ጀርባ ነው። እኔ ነበርኩበት።» ሴትዮዋ ወደ እሱ ሄደችና አልሰደበችውም፣ አልመታችውም፤ ወረቀት ሰጥታ «ሣልልኝ» አለችው። ወታደሩ ሣለላት። ዘጠኝ ዳኞች፣ ጄኔራሉ፣ ያ ሁሉ ጋዜጠኛ፣ ሁሉም ሥዕሉ እስኪያልቅ ጠበቀ።

ስትወጣ የምሰጣት ካፖርት ስለሌለኝ የራሴን አለበስኳት። ለእኔ የቀረልኝ ገዝቼ እዚያው የሰቀልኩት የሀምዱ ነበረና እሱን ለብሼ ቤቴ ገባሁ።

አጎቴ፣ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ እኔም አልጠየቅሁዎት፣ እርስዎም አልጻፉልኝም። ስለ ሀምዱ የተሰማ ነገር አለ?

መዲና


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለመዲና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። መልሴ እንደዘገየብሽ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። ብሩ በከባዱ መኪናው አሰብ ድረስ ይዞት ወርዶ ለሚያውቀው መርከበኛ ይሰጠዋል። መልስሽንም በዚያው መንገድ ላኪው።

ጥያቄሽን ከስድስት ወር በፊት ብትጠይቂኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም። ሀምዱን መጋቢት ሰባ ላይ ደሴ ሰኞ ገበያ ከነበረው ቤታችሁ ከወሰዱት ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም። እናትሽ ደግሞ «ሞቱን አየሁ ያለኝ ሰው የለም» ብላ ለቅሶ አትቀበልም። አላህ ይማረው ያላትን ሰው ከቤት ታስወጣለች፤ እኔንም አንድ ጊዜ አስወጥታኛለች፣ ከገዛ ቤቴ።

የካቲት የጻፍሽውን እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ወታደሩ «እኔ አውቃለሁ» ያለው ላይ ስደርስ ከሰሚዎቹ አንዱ ተነስቶ ወጣ። ሆዱን የቆረጠው መስሎኝ ማንበቤን ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ ከዐስር ሶላት በኋላ ያው ሰው ብቻውን መጣ። ማዕዴን ብዙ ጊዜ የቀመሰ፣ እናትሽ ራሷ ውሃ ያስታጠበችው ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ሼሁ፣ የዚያ ወታደር ነገር እንቅልፍ ነሳኝ» አለ።

«የትኛው ወታደር?»

«የደብዳቤው። እኔም አውቃለሁ። የሀምዱን ቦታ።»

መዲና፣ ሽማግሌ ነኝና እንዴት እንደሆንኩ ባልነግርሽ ይሻላል። ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ቆሞ ተናገረ። ያን ጊዜ የአብዮት ጥበቃ ነበር። ሀምዱ ድምፁን ስለሚያውቀው ከውጭ ሆነህ ጥራው አሉትና ጠራው። አልተኮስኩም ይላል። ጉድጓዱን ግን የቆፈርኩት እኔ ነኝ ይላል። ቦታውን እናገራለሁ፣ ነገር ግን ደሙ ይድረቅልኝ፣ አሳልፋችሁ አትስጡኝ አለ።

እስኪ እይው! እኛ አገር ተራራ ለተራራ ተሸሽጎ የኖረ ነገር፣ አንዲት የማናውቃት አሮጊት ባሕር ማዶ በጠየቀችው ጥያቄ ተገለጠ። አላህ ሲሻ መንገዱን የሚያበጅበት ነገር ይገርማል፣ ያስፈራልም።

አርባ ዓመት ሙሉ የሟች አባት ለእርቅ እጁን ሲነፍግ «ልብህን አላህ ያራራው» እያልኩ ስመክር ኖርኩ፤ በሆዴ ግን ግትር ሽማግሌ እያልኩ እታዘበው ነበር። አሁን በራሴ ሲደርስ ያን ሁሉ ሰው እየዞርኩ አፉ በሉኝ ማለት አማረኝ። ሰውዬውን ሂድ አልኩት እንጂ ተቀመጥ አላልኩትም።

ሥርዓቱን ልንገርሽ። አበጋር የገዛ ቤቱን ደም አይዳኝም። ስለዚህ የደጋኑን ሼህ ኑርሁሴንን አስጠርቻለሁ፣ እሱ ይቀመጣል። ደሙ ከደረቀ በኋላ የሟች ወገን የሰውዬውን ስም ለመንግሥትም ሆነ ለሌላ ችሎት አያነሳም፣ ለልጅ ልጅም አያወርስም። ቃል የሚሰጠው ደግሞ እያንዳንዱ የደም ባለቤት ነው። አንቺ እህቱ ነሽና ያላንቺ ቃል አንቀመጥም። እሺ ካልሽ ቦታውን እናገኛለን፣ ስሙን እንተዋለን። እንቢ ካልሽ ስሙ በእጄ ነው፣ ቦታው ግን ከእሱ ጋር ይቀራል።

ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም። አንቺ እስክትመልሺ ዓይኗን ማየት ከብዶኝ መስጊድ እውላለሁ። በጣም ጻድቅ የሆንኩ መስሏታል።

አጎትሽ ሰይድ


ጄኔቫ፣ ሰኔ 18 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። መርከበኛው ደብዳቤዎን ማርሴይ ደርሶ ነው የላከልኝ። ሳነበው ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ካፖርቶቹ መካከል ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ ማንም አላየኝም።

መጀመሪያ የዚህን አገር ነገር ልጨርስ። ትናንት ተፈረደ። ፍርዱን ለማንበብ አራት ሰዓት ፈጀ፣ ጄኔራሉ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ያስጨረሳቸው መንደሮች ስም አንድ በአንድ ተነበበ። መቶ ሠላሳ ሁለት መንደር ነው። ዕድሜ ልክ ተባለ። እልል ይባላል፣ ይጮሃል ብዬ ነበር፤ ሰው ግን ቁጥሩን ይዞ እኔ ፊት ተሰለፈ። ነገሩ ለጩኸትም ከበደ። ሲወጡ ያ ሁልጊዜ «አባታችን» እያለ ያለቅስ የነበረው ሰው እጁ ከካፖርቱ እጅጌ አልገባ አለው። ፎቶግራፍ ይዛ የምትቆመዋ ሴት ቁጥሯን ለእኔ ትታ እጅጌውን ያዘችለት።

ይህን ሁሉ አይቼ እርስዎ ስሙን እንተወው ይሉኛል። አጎቴ፣ አልተቀየምኩዎትም፣ ግን ተናድጃለሁ። ስም እኮ ነው የፈለግሁት! እዚህ ስም ሲነበብ ምን እንደሚሆን አየሁ። አንድ ቀን ለእኛም ይነበባል። ያ ቀን ሲመጣ እኔ ምን ይዤ ልቁም? ቦታ ብቻ? ስሙን ይጻፉልኝ፣ እባክዎ ይጻፉልኝ ብዬ አራት ገጽ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

የቀደድኩት በአንድ ነገር ምክንያት ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ሀምዱ ጓዳ ተደብቆ ነበር። ከውጭ አንድ ሰው «ሀምዱ! ሀምዱ!» ብሎ እንደ ጓደኛ ጠራው፣ እየሳቀ። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን ይኸው እስከዛሬ አላገኘሁትም። እናቴ «አትክፈቺ» ብላኝ ነበር። እኔ «የሰፈር ልጅ ነው» ብዬ ከፈትኩ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ አጎቴ። ከአገር የወጣሁት ፈርቼ አይደለም፣ እናቴን ማየት አቅቶኝ ነው። በደብዳቤዬ ሁሉ ሀምዱን ያልጠየቅሁዎትም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቃሌ ይኸውልዎ። እናቴ የልጇን ቦታ ትወቅ። እሺ ብያለሁ። ለራሴ ብዬ ቢሆን እንቢ ነበር የምለው፣ ይህን ይወቁልኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፣ ይህ ደብዳቤ እንደ ልማዳችሁ ጮክ ተብሎ ይነበብ። እናቴ ባለችበት። ያ ሰውም ባለበት።

መዲና


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለመዲና፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። አላህ ከፍ ያድርግሽ፣ ያቆይሽ፣ ዕድሜሽን ይባርክልሽ። ከልቤ ነው የምመርቅሽ፣ በልማድ አይደለም።

ነገሩ ተፈጽሟል። ስብሰባ ክልክል ስለሆነ ደጋን ላይ ወዳጃ አለብን፣ ዱዓ ልናደርግ ነው ብለን ሄድን። ውሸትም አልነበረም። ለእናትሽ ነገሩን የነገርኳት በዋዜማው ነው። አልጮኸችም። «ማን ነው?» ብላም አልጠየቀችኝ። ተነስታ ነጠላዋን አጠበች።

እንደ ሥርዓቱ እኛ በአንድ ወገን፣ ያ ሰው በሌላ ወገን ተቀመጠ፣ እንዳንተያይም በመካከል ጋቢ ተወጠረ። ሼህ ኑርሁሴን ከላይ ተቀመጠ። ሰውዬው ከጋቢው ጀርባ ሆኖ የነገረኝን ሁሉ ደገመው። ሲጨርስ እናትሽ «ምን አለ ልጄ?» አለችው።

«ውሃ ጠየቀኝ።»

«ሰጠኸው?»

«ሰጠሁት።»

ከዚያ ደብዳቤሽን ሼህ ኑርሁሴን ከእጄ ወስዶ አነበበው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ የምትይው ላይ ሲደርስ ከጋቢው ጀርባ ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናትሽ ግን ደረቷን ይዛ «ውይ ልጄን! ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ተሸክማው!» አለች። ለሀምዱ ያላፈሰሰችውን እንባ ለአንቺ አፈሰሰችው።

ከዚያ «ጋቢውን አንሱት» አለች። ሥርዓቱ አልደረሰም ቢሏት «አንሱት አልኩ እኮ» አለች። ጋቢው ተነሳ። አየችው። አወቀችው። «ከሳህ» አለችው።

እጅ መስጠት ሲመጣ የእኔ እጅ አልዘረጋ አለ። ሼህ ኑርሁሴን «ሰይድ፣ ስንቱን እጅ ያስጨበጥክ ሰው!» አለኝ። እንኳን እሱ፣ እኔም ራሴን ተቆጣሁት፣ እንቢ አለ። እናትሽ የእጄን አንጓ ይዛ ወስዳ ሰውዬው መዳፍ ላይ አኖረችው። የአርባ ዓመት አበጋር ደሙን ያደረቀው በእህቱ ጉልበት ነው፣ አታውሪብኝ።

ቦታው ሐረጎ ነው፣ ከደሴ ወደ እኛ ሲወረድ ከመንገዱ በታች ያለው አሮጌ የጠጠር ማውጫ። ስንት ጊዜ በዚያ አልፌያለሁ፣ ያ አላህ! ብሩ እዚያ ሲደርስ ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ መኪናውን አቆመልን። ጎማው እየተፈታ እኛ ወርደን ለሟች የሚሰገደውን ሶላተል ጀናዛ ሰገድን። ሀምዱ ብቻውን አይደለም፣ አብረውት ሰባት ናቸው፣ ለሁሉም ሰገድን። ጭጋጉ ከታች እየወጣ ከበበን፣ የሚያልፈውም መኪና አላየንም። እናትሽ ከመሬቱ ላይ እጇን አኑራ «አገኘሁህ» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ሰው መቃብር አግኝቶ ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም ነበር፣ እኔም አብሬ አመሰገንኩ። በማግስቱ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን፣ እናትሽም አላህ ይማረው እያለ የመጣውን ሁሉ ተቀበለችው።

ካፖርቱን አትላኪው ብላለች። አንቺው ልበሺው።

ስሙን አልጽፍልሽም፣ ቃል ሰጥተናል። ከዚህ ጋር ግን ሌላ ወረቀት አለ። እኔ አላጻፍኩትም፣ አልከለከልኩትምም። ሼህ ኑርሁሴንን ብጠይቀው «ሥርዓቱ የሚያስረው የሟችን ወገን ነው፣ የገዛ ስሙን አይናገር አይልም» አለኝ።

አጎትሽ ሰይድ


ለእቴ መዲና፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ክርስቶስ ይጠብቅሽ። ጽሑፌ አያምርም፣ ታገሺኝ።

ስሜ ደጉ ሞላ ነው። በብሩ መኪና ላይ ጎማ የምሠራው ጎሚስታ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከእናንተ ቤት ሦስተኛው በር ነበር የምኖረው። ከሀምዱ ጋር ኳስ እንጫወት ነበር። የጠራሁት እኔ ነኝ። የሳቅሁት ሳቅ አሉኝና ነው።

ደብዳቤሽ ሲነበብ ሰምቻለሁ። በሩን ባትከፍቺውም ይሰበር ነበር። አራት ሆነን ነበር የመጣነው፣ አንዱ መጥረቢያ ይዟል። ደጅ ቆመው የነበሩትን የሦስቱንም ስም ከጀርባው ጽፌልሻለሁ። ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ አሁን ሹም ነው። ለእነሱ ደም አልደረቀላቸውም።

እናትሽ ምራኛለች። እኔ ግን ያ ወታደር በሰው ፊት እንደተናገረው መናገር እፈልጋለሁ። ዳኞቹ እኛ አገር የሚመጡበት ቀን ይኑር አይኑር አላውቅም። ከመጡ ይህን ወረቀት ስጫቸው። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ፣ ከእህል ወፍጮው በላይ ባለው ቆርቆሮ በር ቤት ነው። ቤት ብቀይር አዲሱን አድራሻ እጽፍልሻለሁ።

ደጉ ሞላ